«ሲስተሙ ችግር የለበትም»፦ የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ጉዳይ ከጎንደር ሲታይ

ገንዘብ ያዥ ሆኖ ለመቀጠር ዋስ መጥራት ግድ ነው። ካዝናው ከጎደለ ተጠያቂው ገንዘብ ያዡ ነው። እሱ መክፈል ካቃተው ዋሱ ይያዛል። ማታ ሂሳብ ስትዘጋ ሃምሳ ብር የጎደለባት ልጅ ከቦርሳዋ አውጥታ ሞልታ ትወጣለች። ነገ ሃምሳ ብር ቢተርፍ ግን የእሷ አይደለም፣ ገቢ ይደረጋል። ለምደነዋል። ብሩን የቆጠረችውም የፈረመችውም እሷ ናትና ብዙም አያከራክርም።

ቆጣሪው ኮምፒውተር ሲሆንስ? ኮምፒውተሩን ያቀረበው ከመንግሥት ጋር የተዋዋለ ግዙፍ ኩባንያ ሲሆን ዋሱ ማን ነው? ይህ ጥያቄ እንግሊዝ አገር ከ20 ዓመት በላይ ፈጅቷል። በመሀሉ ከ900 በላይ ሰዎች ወንጀለኛ ተብለዋል። ቤታቸውን የሸጡ፣ የታሰሩ፣ ራሳቸውን ያጠፉ አሉ። ጉዳዩ ሆራይዘን በሚባል የሂሳብ ሲስተም ዙሪያ የተነሳ ነው። አቅራቢው የጃፓኑ ፉጂትሱ ነው። ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የእኛን ስጠቀም እናገራለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ፖስታ ቤት ሲባል ለጎንደር ሰው ቶሎ የሚታየው ጣሊያን ያሠራው የፒያሳው ሕንጻ ነው። የእንግሊዙ የገጠር ፖስታ ቤት እንዲያ አይደለም። አብዛኛው ሱቅ ነው። ባለሱቁ ዳቦ፣ ወተትና ጋዜጣ ይሸጣል። በአንዱ ጥግ ደግሞ መስኮት አለችው፤ እዚያ ቴምብር ይሸጣል፣ ጡረታ ይከፍላል፣ ገንዘብ ይቀበላል። ሰውዬው የመንግሥት ሠራተኛ አይደለም፣ ወኪል ነው። ሱቁን በራሱ ገንዘብ ገዝቶ፣ ውል ፈርሞ ነው የሚሠራው። ለእኛ የሚቀርበው የቴሌብር ወይም የኤምፔሳ ወኪል ነው፦ አራዳ ገበያ ሳሙናና ዘይት እየቸረቸረ ብር የሚልክልህ ባለሱቅ። ድርጅቱ ራሱ ግን ሙሉ በሙሉ የመንግሥት ንብረት ነው።

ማንም ያልፈለገው ዕቃ

በ1996 የእንግሊዝ መንግሥት ጡረታና ድጎማ በወረቀት መከፈሉ ይቅርና በካርድ ይሁን አለ። ሥራውን ያገኘው አይሲኤል የተባለ ኩባንያ ነው። ስሙ የእንግሊዝ ቢሆንም ትልቁን ድርሻ የያዘው ፉጂትሱ ነበር። ኋላ ጠቅልሎ ያዘው፣ በ2002 ስሙንም ወደ ራሱ ቀየረው።

ሥራው ዘገየ። ወጪው ናረ። በ1998 መጨረሻ የጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር አማካሪ ነገሩ ቢሰረዝ ይሻላል ብሎ መከረ። ቶኪዮ ያለው የእንግሊዝ አምባሳደር በበኩሉ ውሉ ከፈረሰ ከጃፓን ጋር ያለው ግንኙነት ይጎዳል ብሎ አስጠነቀቀ። ብሌር ደግሞ ሲስተሙ ራሱ እንከን አለበት መባሉን አይቶ፣ በዚህ ላይ ቁርጥ ያለ ነገር መኖር አለበት የሚል ማስታወሻ በእጁ ጻፈ። ቁርጥ ያለው ነገር አልመጣም። በግንቦት 1999 የድጎማ መሥሪያ ቤቱ ጥሎ ወጣ። አይሲኤል 180 ሚሊዮን ፓውንድ ኪሳራ መዘገበ። ካርዱ ቀረ። ሲስተሙ ግን ለፖስታ ቤቱ ሂሳብ መያዣ ይሁን ተብሎ ወደ ሱቆቹ መግባት ጀመረ።

እኔን ከጉዳዩ ሁሉ ይበልጥ የሚያስቆመኝ ይሄ ነው። ሰው ስለ ሆራይዘን ሲያወራ ስለ ሶፍትዌር ስህተት ያወራል። ስህተት የሌለበት ሶፍትዌር የለም። እዚህ ያለው ሌላ ነው። ኩባንያው ከኪሳራው በኋላ ይህ ሲስተም እንዲሠራ ይፈልጋል። መንግሥት ከውርደት ለመዳን እንዲሠራ ይፈልጋል። ፖስታ ቤቱ ሌላ ምርጫ ስለሌለው እንዲሠራ ይፈልጋል። ሦስቱም አንድ ቃል ላይ ናቸው። አይሠራም ብሎ የሚናገረው ሰው ከሦስቱም ውጭ መምጣት ነበረበት፤ መጣም። ወኪሉ ነው።

ችግሩ ውስጥ ውስጡን አይታወቅም ነበር እንዳይባል፣ የኩባንያው የራሱ ሰዎች በ1998 መርምረው ጽፈውታል። አንድ ምሳሌያቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል። አንድን ቁጥር ወደ ነጌቲቭ መለወጥ ቀላል ነው፤ ፊቱ ላይ የመቀነስ ምልክት ታደርጋለህ፣ አበቃ። የሆራይዘኑ ፕሮግራመር ግን ከቁጥሩ ላይ የራሱን እጥፍ ቀንስ ብሎ ነው የጻፈው። ከ8 ላይ 16 ስትቀንስ መልሱ ነጌቲቭ 8 ይሆናል፣ ልክ ነው። ግን እንዲህ የሚጽፍ ሰው የሕዝብ ገንዘብ የሚቆጥር ሲስተም እንዲሠራ ታምነዋለህ? መርማሪዎቹ ይህ ክፍል እንደ አዲስ ይጻፍ አሉ። አልተጻፈም።

አልስማማም የሚል ቁልፍ የለም

ጆ ሃሚልተን ሳውዝ ዋርንቦሮ በምትባል መንደር ሱቅና ፖስታ ቤት ነበራት። አንድ ቀን ሲስተሙ 2 ሺህ ፓውንድ ጎድሎብሻል አላት። የድጋፍ መስመሩ ጋ ደወለች። በስልክ የሚነግሯትን እየተከተለች ስትነካካ፣ ዓይኗ እያየ ጉድለቱ ወደ 4 ሺህ አደገ። ቆይቶ 36 ሺህ ፓውንድ ሰርቀሻል ተብላ ተከሰሰች።

እዚህ ጋ የክሱን አሠራር ማየት ያስፈልጋል፤ ተንኮሉ ያለው እዚህ ነው። ወኪሉ በየጊዜው ሂሳብ መዝጋት አለበት። ካልዘጋ ነገ መስኮቱን መክፈት አይችልም። ሲስተሙ 2 ሺህ ጎድሏል ካለ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ከኪሱ ይሞላል፣ ወይም ዕዳውን ተቀብሎ ቀስ እያለ ይከፍላል። «አልስማማም፣ ይጣራልኝ» የሚል ቁልፍ ስክሪኑ ላይ የለም። ሱቁ እንዳይዘጋ ብሎ ሂሳቡ ልክ ነው ብሎ ከፈረመ ደግሞ ሐሰተኛ ሂሳብ አቅርቧል፤ ይሄ በሕጋቸው ወንጀል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በስርቆት ይከሱሃል። ቀጥሎ «ሐሰተኛ ሂሳብ ማቅረብህን እመንና ገንዘቡን ክፈል፣ ስርቆቱን እንተውልሃለን» ይሉሃል። እስር የፈራ ሰው ያምናል። ሃሚልተንም አመነች። ቤቷን መያዣ አድርጋ ተበደረች። የቀረውን የመንደሩ ሰው አዋጥቶ ከፈለላት። መንደሩ ሌባ አይደለችም ብሎ ነው ያዋጣው። ፍርድ ቤቱ በ2008 ጥፋተኛ ናት አለ።

ሊ ካስልተን ብሪድሊንግተን ውስጥ የድጋፍ መስመሩ ጋ 91 ጊዜ ደወለ። ዘጠና አንድ! የተጠየቀው ወደ 25 ሺህ ፓውንድ ነበር። አልከፍልም ብሎ ያለ ጠበቃ ተከራከረ። በ2007 ተረታ፣ የፖስታ ቤቱን የጠበቃ ወጪ 321 ሺህ ፓውንድ ክፈል ተባለ። ከሰረ። ወኪሎቹ ሲደውሉ ብዙዎቹ የተነገራቸው አንድ ዓይነት ነገር ነው፦ ይህ ችግር የገጠመህ አንተን ብቻ ነው። በየመንደሩ ተራርቀው ስለሚኖሩ እያንዳንዱ ይህን አመነ።

የሲማ ሚስራ ነገር ግን ከሁሉም ያማል። በኅዳር 2010 የ15 ወር እስራት ሲፈረድባት የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ዕለቱ ልጇ 10 ዓመት የሞላበት ቀን ነው። ችሎቷ ከመጀመሩ ጥቂት ቀደም ብሎ የፉጂትሱና የፖስታ ቤቱ ሰዎች ስለ አንድ የሲስተም ስህተት ተሰብስበው ነበር። ስህተቱ በደርዘን የሚቆጠሩ ቅርንጫፎችን ነክቷል። ቃለ ጉባኤው ላይ ወኪሎቹ ይህን ካወቁ በፍርድ ቤት ያሉትን ክሶች ሊነካ ይችላል ተብሎ ተጽፏል። ወረቀቱ ክርክሩ ሳይጀመር ፖስታ ቤቱ የሕግ ክፍል ደርሷል። ለሚስራ ጠበቃ አልደረሰም። ከተፈረደባት በኋላ የፖስታ ቤቱ የሕግ ሰው ደስታውን ለሥራ ባልደረቦቹ ጻፈ፤ ይህ ፍርድ ሌሎች ተከሳሾች በሆራይዘን ላይ እንዳያሳብቡ ትምህርት ይሆናል አለ።

አበሾች አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የምንለው ለዚህ ነው። ኩባንያውን መጠየቅ ከባድ ነው፤ ባለሱቁ ግን ቅርብ ነው።

የእትዬ ደብተር

አራዳ ገበያ ጠርዝ ላይ የሞባይል ገንዘብ ወኪል የሆኑ አንዲት እናት አውቃለሁ። ጥምቀት ሰሞን ከተማው ሰው በሰው ሆኖ ኔትወርኩ ሲጨናነቅ አንድ ደንበኛ 4 ሺህ ብር ላኪልኝ አላቸው። ነኩ። ስልኩ ሲያሽከረክር ቆይቶ አልተሳካም አለ። ደገሙ። ለካ ሁለቱም ሄዷል። ለአገልግሎቱ ክፍል ሲደውሉ የተሰጣቸው መልስ «ከእኛ በኩል ችግር የለም፣ እርስዎ ሁለቴ ልከዋል» የሚል ነው። የትኛው ድርጅት እንደሆነ እዚህ አልጠራም። ብሩ የደረሰው ሰው ዘመድ ነገር ስለነበር መለሰላቸው እንጂ ቀልጦ ነበር።

ይህን ሲያጫውቱኝ የዳልሜሊንግተኑን ነገርኳቸው። ዳልሜሊንግተን ስኮትላንድ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በጥቅምት 2015 የፖስታ ቤቷ ሠራተኛ 8 ሺህ ፓውንድ ወደ ሌላ የአገልግሎት ጣቢያ ልታስተላልፍ ቁልፉን ተጫነች። ስክሪኑ ደረቀ። ደግማ ተጫነች። አሁንም ምንም የለም። እያንዳንዱ ጭነት ውስጥ ለውስጥ ይመዘገብ ነበር። በመጨረሻ ሲስተሙ 32 ሺህ ተላልፏል አለ፤ ያላየችው 24 ሺህ ጎደለባት። ኋላ ሲጣራ ይኸው ስህተት ከ2010 ጀምሮ 88 ቅርንጫፎችን ነክቶ ኖሯል።

«እንግሊዝም ኔትወርክ ይሄዳል?» ብለው ሳቁ። ቀጥለው የጠየቁኝ ግን ቀልድ አልነበረም። «ሰዎቹ ደብተር አልነበራቸውም እንዴ፣ ልጄ?»

የእሳቸውን አወጡት። መስመር ያለው የተማሪ ደብተር ነው። ሰዓት፣ የስልኩ መጨረሻ አራት ቁጥር፣ የብሩ መጠን። ጎኑ ላይ አንዳንዱ ጋ «አልሄደም»፣ አንዳንዱ ጋ «መጣ»። የጥምቀቷ መስመር በቀይ እስክርቢቶ ተከባለች።

«እትዬ፣ ይሄ ፍርድ ቤት ቢቀርብ ያምኑዎታል?» አልኩ።

«እኔን ባያምኑኝ ደብተሩን ያያሉ።»

የእንግሊዞቹም ከሆራይዘን በፊት ሂሳባቸውን በወረቀት ነበር የሚይዙት። ሃምሳ ፓውንድ ቢጎድል ሉሁን ወደ ኋላ እየገለጡ ስህተቱን ያገኙታል። ሆራይዘን ሲመጣ ወኪሉ የሚያየው ድምሩን ሆነ። ድምሩ ከየት እንደመጣ የሚያሳየው ዝርዝር መዝገብ የተቀመጠው ፉጂትሱ ጋ ነው። በውሉ መሠረት ፖስታ ቤቱ በዓመት የተወሰነ ያህል ጥያቄ ማቅረብ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ከፈለገ ይከፍላል። ስለዚህ አንድ ሰው ሊታሰር ሲል እንኳ ሙሉ መዝገቡን ማውጣት እንደ ወጪ ይታይ ነበር። ተከሳሹ እኔ አልወሰድኩም ከማለት በቀር የሚያሳየው ነገር አልነበረውም።

በዚህ ላይ ሕጉ ተጨመረ። በ1984 የወጣ ሕግ በወንጀል ጉዳይ የኮምፒውተር መረጃ የሚያቀርብ ወገን ኮምፒውተሩ በትክክል ይሠራ እንደነበር ማሳየት አለበት ይል ነበር። አሰልቺ ነው ተብሎ በ1999 በወጣ ሕግ ተሻረ። ከ2000 ጀምሮ ተቃራኒው ሆነ፤ ሌላ ማስረጃ ካልመጣ ኮምፒውተር በትክክል እንደሠራ ይገመታል። ሆራይዘን ወደ ሱቆቹ የገባው በዚያው ሰሞን ነው። ከዚህ የከፋ ግጥምጥሞሽ አላውቅም። ስህተቱን የማስረዳት ሸክም መዝገቡ በእጁ በሌለ ሰው ላይ ወደቀ።

ከሳሹም ራሱ ፖስታ ቤቱ ነበር። እንግሊዝ ውስጥ ድርጅት በራሱ ጠበቆች የወንጀል ክስ መመሥረት ይችላል። ከ900 በላይ ከሆኑት ፍርዶች ወደ 700 የሚሆኑት እንዲህ የመጡ ናቸው። ተበዳይም፣ መርማሪም፣ ከሳሽም እሱ።

አንድ ማነጻጸሪያ ከአገራችን ልጥቀስ፤ ይሄ በእኛ አቆጣጠር ነው። መጋቢት 6 ለ7 ሌሊት 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ሰው ሂሳቡ ላይ የሌለውን ብር ማውጣትና ማዘዋወር ቻለ። ባንኩ ከ490 ሺህ በላይ ግብይት እንደተደረገና 801 ሚሊዮን ብር እንደወጣ ተናገረ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ግቢ ውስጥ ኤቲኤም ላይ ተሰልፈው ሲያወጡ አደሩ። ባንኩ ግን በሰዓታት ውስጥ ሲስተሙን ዘጋ፣ የእያንዳንዱን ወጪ ዝርዝር አወጣ፣ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ ለጠፈ። ሲስተሙ ተሳስቷል ለማለት አንድ ሌሊት በቃ። ስህተቱ በድርጅቱ ላይ ሲሆን መዝገቡ ወዲያው ይገኛል። በባለሱቅ ላይ ሲሆን እንግሊዝ 20 ዓመት ፈለገ። ባንኩ ገንዘቡን ማስመለሱን አልነቅፍም፣ የሕዝብ ገንዘብ ነው። የምለው መዝገብ መክፈት ይቻላል ነው።

አምስት መቶ ሃምሳ አምስቱ

አለን ቤትስ ዌልስ ውስጥ ላንዲድኖ አጠገብ ወኪል ነበር። ጎደለብህ ሲባል ከኪሱ አልሞላም ብሎ እንቢ አለ። በ2003 ውሉ ተቋረጠ። እሱ ወረቀቱን ሁሉ ይዞ ነበር። በ2009 አንድ የኮምፒውተር መጽሔት የሰባት ወኪሎችን ታሪክ አወጣ። በዚያው ዓመት ቤትስ ወኪሎቹን አንዲት መንደር አዳራሽ ጠርቶ ሰበሰበ። እኔ ብቻ ነኝ ሲሉ የኖሩት ሰዎች እዚያ ተያዩ።

መንገዱ ረጅም ስለሆነ አሳጥረዋለሁ። በ2015 ፉጂትሱ ውስጥ የሠራ ቴክኒሻን ከርቀት ገብተን የቅርንጫፎችን ሂሳብ መንካት እንችል ነበር ብሎ በቴሌቪዥን ተናገረ። ፖስታ ቤቱ ለዓመታት ይህ አይቻልም ሲል ነበር። 555 ወኪሎች ተባብረው ከሰሱ። በ2019 ዳኛ ፍሬዘር ሁለት ትልልቅ ፍርድ ሰጡ። የፖስታ ቤቱ ክርክር በ21ኛው ክፍለ ዘመን ምድር ጠፍጣፋ ናት ብሎ እንደመከራከር ነው አሉ። ክርክሩ በስምምነት ተዘጋ፤ ስምምነቱ 57.75 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር፤ የጠበቃና የክርክሩን ወጪ የሸፈነው ወገን ድርሻ ሲነሳ ለወኪሎቹ የቀረው 12 ሚሊዮን ገደማ ነው። በሚያዝያ 2021 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የ39 ሰዎችን ፍርድ በአንድ ቀን ሰረዘ። ሃሚልተንና ሚስራም አሉበት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ፖለቲካው እምብዛም አልተነቃነቀም። የነቃነቀው በጥር 2024 የወጣ የቴሌቪዥን ድራማ ነው። ጋዜጣ ለዓመታት የጻፈውን፣ ዳኛ በመቶ በሚቆጠር ገጽ የፈረደውን አገሩ ሳሎን ቁጭ ብሎ አየው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው የቀድሞዋ የፖስታ ቤቱ ኃላፊ ፖላ ቬነልስ የተሰጣት የክብር ሽልማት ይነጠቅ ብሎ ፈረመ። ራሷ መለሰች። በግንቦት 2024 ፓርላማው በአንድ አዋጅ ፍርዶቹን በጅምላ ሰረዘ። ፓርላማ የፍርድ ቤትን ውሳኔ በሕግ መሰረዙ ራሱ ያከራክራል፤ ግን ያኔ የሚከራከር ብዙም አልነበረም።

ኩባንያውስ?

በዚያው ጥር የፉጂትሱ የአውሮፓ ኃላፊ ፖል ፓተርሰን ፓርላማው ኮሚቴ ፊት ቀረበ። ስህተቶቹ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይታወቁ እንደነበር አመነ። ለካሳው የማዋጣት የሞራል ግዴታ አለብን አለ። ኩባንያውም በጉዳዩ ላይ የተከፈተው ይፋዊ ምርመራ እስኪያልቅ ለአዲስ የመንግሥት ሥራ አንወዳደርም ብሎ ለመንግሥት ጻፈ።

የምክር ቤቱ አባላት መዝገብ ሲያገላብጡ ግን ሌላ ነገር ወጣ። በገንዘብ ሚኒስቴሩ ሥር ያሉ መሥሪያ ቤቶች ብቻ ከ2019 ወዲህ ከፉጂትሱ ጋር ያላቸው ውል ከ3.4 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ነው። 2019 ማለት ዳኛው የፈረዱበት ዓመት ነው። የግብር መሥሪያ ቤቱ ሲስተሞች በእጁ ነበሩ። የፖሊስ ሲስተምም ያስተናግድ ነበር። አንወዳደርም ያለውም አዲስ ደንበኛን እንጂ ነባሩን ውል ማራዘምን አልነካም።

መንግሥት ለምን አላባረረውም? ይህ ነበር የክርክሩ እምብርት። ተቃዋሚው ገዢውን፣ ገዢው የቀድሞውን ይከሳል፤ ውሉን የፈረሙት ወግ አጥባቂዎቹ፣ ያስቀጠሉት ሌበሮቹ፣ ያራዘሙት ሁሉም ናቸውና ክሱ አይጥምም። የባለሥልጣናቱ መልስ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ የግዢ ሕጉ አንድ ኩባንያ ቀድሞ የሠራው መጥፎ ነበር ብሎ ብቻ ከጨረታ ማስወጣት አይፈቅድም። ሁለተኛው ጮክ ተብሎ ባይነገርም ሁሉም ያውቀዋል፤ ነገ ቢወጣ ግብር የሚሰበስበውን ሲስተም ማን ያንቀሳቅሰዋል?

እኛም ይህን እናውቀዋለን። በ2006 የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ከቻይናው ዜድቲኢ ጋር የ1.5 ቢሊዮን ዶላር ውል ያለ ጨረታ ተፈራረመ። ገንዘቡን ያበደረው አቅራቢው ራሱ ስለነበር ዕቃውም ከእሱ ብቻ ሆነ። ብዙ ተወራበት። በ2013 ቀጣዩ ማስፋፊያ ሲመጣ ሥራው ለሁዋዌና ለዜድቲኢ 800፣ 800 ሚሊዮን ዶላር ሆኖ ተከፈለ። ከዚያ በአሮጌው መረብ ማሻሻያ ወጪ ከዜድቲኢ ጋር አለመግባባት ተነሳ፤ ከድርሻው ላይ ተቀንሶ ለኤሪክሰን ተሰጠ። እንዲህ ማድረግ የተቻለው ሌላ አቅራቢ ስለነበረ ነው። እንግሊዞቹ ለፖስታ ቤታቸው ሌላ አልነበራቸውም።

እትዬን የመሰለ ወኪል ውል ሲፈርም ማንበብ ያለበት አንቀጽ የትኛው ነው ብትሉኝ፣ ጉድለትን የሚመለከተው ነው እላለሁ። የእንግሊዝ ወኪሎች ውል በራሳቸው ቸልተኝነት ወይም ስህተት የመጣ ጉድለትን እንዲከፍሉ ይል ነበር። ፖስታ ቤቱ በተግባር ማንኛውም ጉድለት ብሎ አነበበው። ዳኛው በ2019 አይደለም፣ ጥፋቱ የወኪሉ መሆኑን ፖስታ ቤቱ ያስረዳ አሉ። አንዲት ዓረፍተ ነገር በትክክል ብትነበብ ኖሮ አብዛኛው ሰው አይከሰስም ነበር። እዚህ ጎንደር ውስጥ ወኪሎቹን ስጠይቅ ውሉ ቅጂ እጃቸው ላይ ያለ ጥቂት ናቸው። ፈርመው ሰጥተዋል።

በሐምሌ 2025 የሰር ዊን ዊሊያምስ ምርመራ የመጀመሪያ ሪፖርቱን አወጣ። ቢያንስ 13 ሰዎች በዚህ ጉዳይ ምክንያት ራሳቸውን አጥፍተው ሊሆን ይችላል አለ። በዚያን ጊዜ መንግሥት ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ካሳ ከፍሏል፣ ከግብር ከፋዩ ኪስ። ፉጂትሱ የሞራል ግዴታውን ገና በፓውንድ አልተመነም ነበር። ፖሊስ እየመረመረ ነበር፤ የተከሰሰ ሰው አልነበረም።

ፖስታ ቤቱ ሆራይዘንን ለመተካት ራሱ ሲያሠራው የነበረው ሲስተም አልሆነለትም። ስለዚህ በዚያው ዓመት የፉጂትሱን ውል እስከ መጋቢት 2026 አራዘመው።